«ጃጁ» ከማለታችን በፊት ፌስታሉን እንፈትሽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ብርሃን ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ መድኃኒት ማደል ከጀመርሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቱን ወይም አባቱን ደግፎ ከሚገባ ሰው አፍ እንደ «ዕድሜ ነው» ደጋግሜ የሰማሁት ቃል የለም። አዛውንቱ አፋቸው ቢደርቅ፣ ሽንት አልወጣ ቢላቸው፣ ሲነሡ ቢንገዳገዱ፣ የልጃቸውን ስም ቢረሱ፣ ሌሊት ከሌለ ሰው ጋር ቢያወጉ ምክንያቱ ይኸው አንዱ ነው። እርጅና በእርግጥ ብዙ ነገር ይወስዳል። ነገር ግን እርጅና ያልወሰደውን መድኃኒት ሲወስደው ስላየሁ፣ ከወሰዱትም መድኃኒቶች አንዱን በገዛ እጄ ስለሰጠሁ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አክስቴ በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ይኖራሉ። ዕድሜያቸው 74 ነው፤ ስኳር አለባቸው። ባለቤታቸው ያረፉ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው አንድ ክሊኒክ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ዳያዜፓም ሰጣቸው፤ ሁለቱ ሳምንት ግን አንዴ በማዘዣ፣ አንዴ ከተማ በሚመላለስ ዘመድ በኩል እየታደሰ ሦስት ዓመት ሆነ። በኋላ ስኳሩ እግራቸውን ማቃጠል ሲጀምር ማታ ማታ የሚወሰድ ባለ 25 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ታዘዘላቸው። ሆዳቸውን በቆረጣቸው ጊዜ ደግሞ ሌላ ባለሙያ ሃዮሲን ሰጣቸው፤ እሱንም «ይስማማኛል» ብለው ቁርጠቱ ከተዋቸው በኋላ እንኳ አላቋረጡትም። አምና ለጥምቀት ደብረ ብርሃን መጥተው ጉንፋን ሲይዛቸው ክሎርፌኒራሚን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሌላ ምን እንደሚወስዱ አልጠየቅኋቸውም። የሥጋ ዘመዴ ስለሆኑ የማውቃቸው መስሎኝ ነበር። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የመንዝ ብርድ ጉንፋን ቶሎ የማይለቅ በመሆኑ፣ የሰጠኋቸው ፍሬ ሲያልቅ ልጃቸው ሌላ ገዝቶ ቀጠለላቸው።

ሁዳዴ ሲገባ አፋቸው እየደረቀ ምላሳቸው ከላንቃቸው ይጣበቅ ጀመር፤ «ጾሙ ነው» ተባለ። ሆዳቸው ደረቀ፤ ለዚያም ሌላ ኪኒን ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሟች ባለቤታቸውን ስም እየጠሩ ሲጫወቱ፣ የተኙበትን ባና ክር እንደሚለቅም ሰው በጣታቸው ሲነጩ፣ ቀን ደግሞ ድብን ብለው ተኝተው ሲውሉ ታዩ። ልጆቻቸው ጸበል ወሰዷቸው፤ በዚህ አልነቅፋቸውም፣ እኔም ብሆን ይዣቸው እሄድ ነበር። ነገሩን በትክክለኛ ስሙ የጠሩት ግን አንዲት ጎረቤት ናቸው። «እትዬ እኮ አስተናግር የበላ ሰው መሰሉ» አሉ፤ ሰው ሳቀና አለፈ።

አስተናግርን የማያውቅ የሸዋ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየፍርስራሹና በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ መለከት የመሰለ ነጭ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው፣ ሌላው ሰው አጤ ፋሪስ የሚለው ተክል ነው፤ ጥርሳቸውን ሲያማቸው የፍሬውን ጭስ የሚታጠኑ አሉ። ስሙ ራሱ ጠባዩን ይናገራል፤ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፈዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል፣ አፉን ያደርቀዋል፣ ዓይኑን ያፈዝዘዋል። ይህን የሚያደርገው በውስጡ ባሉት አትሮፒን፣ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን በተባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ስኮፖላሚን ሁለተኛ ስሙ ሃዮሲን ነው። አክስቴ ለቁርጠት ይወስዱት የነበረው ኪኒን ከዚሁ የተሠራ ነው። እርግጥ ነው፣ ለሆድ የሚሰጠው ዓይነት ወደ አንጎል በብዛት እንዳይዘልቅ ተደርጎ የተለወጠ ነው፤ አፍን ማድረቁንና አንጀትን ማስነፉን ግን አልተወም። አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፌኒራሚን ደግሞ ከተክሉ ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ እነሱ ወደ አንጎልም ይዘልቃሉ። ስለዚህ ጎረቤቲቱ የቀለዱ ቢመስሉም፣ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጬ የተማርሁትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረውታል።

በሰውነታችን ውስጥ ነርቭ ለነርቭ፣ ለጡንቻና ለዕጢ መልእክት የሚያስተላልፍባቸው ኬሚካሎች አሉ፤ ከነዚህ አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ምራቅ እንዲወርድ፣ አንጀት እንዲንቀሳቀስ፣ ፊኛ ተኮማትሮ ሽንት እንዲያስወጣ፣ ዓይን በቅርብ ያለውን አጥርቶ እንዲያይ የሚያደርገው እሱ ነው፤ በአንጎል ውስጥ ደግሞ ነገር ለማስታወስና ልብ ብሎ ለመከታተል ያገለግላል። አንቲኮሊነርጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች የዚህን መልእክተኛ መንገድ ይዘጋሉ። አፍና ሆድ የሚደርቀው በዚህ ነው፤ ፕሮስቴታቸው ባበጠ አባቶች ላይ ሽንት ከናካቴው ሊታፈን ይችላል፤ አእምሮም ይደናገራል። ወጣት ሰው ትርፍ አቅም ስላለው ጥቂት ድካም ተሰምቶት ያልፋል፤ ሰባ ዓመት ባለፈው ሰው አንጎል ውስጥ ግን ያ ትርፍ ቀድሞውኑ ተመናምኗል።

የሚያስተኙት መድኃኒቶች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በእርጅና ጊዜ ጉበትና ኩላሊት መድኃኒትን የሚያስወግዱበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጡንቻ እየሟሸሸ የስብ ድርሻ ስለሚጨምርም፣ እንደ ዳያዜፓም ያለው በስብ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በደም ውስጥ ያለው ዳያዜፓም በግማሽ ለመቀነስ የሚወስድበት ጊዜ በ20 ዓመት ወጣት ላይ 20 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በ80 ዓመት አዛውንት ላይ ግን ወደ 90 ሰዓት ይደርሳል። ነገሩን በእኛ ቀን አቆጣጠር ስናየው፣ ሰኞ ማታ የተዋጠው ኪኒን ግማሹ ዓርብ ከሰዓት በኋላም ገና አልወጣም፤ በመካከሉ ግን የማክሰኞ፣ የረቡዕና የሐሙስ ማታ ኪኒኖች ተደርበውበታል። አክስቴ ቀን ተኝተው የሚውሉት፣ ሌሊት ሲነሡም እግራቸው የማይታዘዛቸው በዚህ ምክንያት ነበር። በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ደጅ ለመውጣት ተነሥተው ከበሩ ድንጋይ ላይ ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰራቸውና አልሻል ሲላቸው ደብረ ብርሃን መጡ።

ያን ቀን ነው መድኃኒቶቻቸውን የሚያስቀምጡበትን ፌስታል ሰፌድ ላይ ዘርግፌ ያየሁት። የእኔ መድኃኒት ቤት ምልክት ያለበት ትንሽ ከረጢትም ከውስጡ ወጣች።

ይህ በዓለም ላይ አዲስ ወሬ አይደለም። አሜሪካዊው የአረጋውያን ሐኪም ማርክ ቢርስ ከባልደረቦቹ ጋር ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ዛሬ ዝርዝሩን የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እያሻሻለ ያሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ዝርዝር ውስጥ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፌኒራሚንና ዳያዜፓም ሦስቱም አሉበት፤ በአንጎል ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ሦስትና ከዚያ በላይ አድርጎ በአንድነት መስጠትም መውደቅን ስለሚያበዛ እንዲቀር ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሣራ ሂልመርና ባልደረቦቿ የሚያደነዝዙትንና አንቲኮሊነርጂክ የሆኑትን መድኃኒቶች ጫና በአንድነት የሚለካ ስሌት አወጡ፤ ከ70 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን፣ በየቤታቸው የሚኖሩ ከ3,000 በላይ አሜሪካውያንን መረጃ በዚሁ ሲመዝኑ፣ ጫናው የበዛባቸው ሰዎች አካላዊ ብቃትም የአእምሮ ቅልጥፍናም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ጥናት ለኔ ከባድ የሆነብኝ «በየቤታቸው የሚኖሩ» የሚለው ነው። ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ካርዱን የሚያይለት ሰው አለው፤ የእኛ እናቶችና አባቶች ግን በየጎጆአቸው ከፌስታላቸው ጋር ብቻቸውን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ስለወጣው ሌላ ጥናት የሰሙ አንባቢዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 3,434 ሰዎች ለዓመታት የተከታተለው ይህ ጥናት፣ አንቲኮሊነርጂክ መድኃኒቶችን አብዝተው ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ54 በመቶ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ክትትል ግን ጥፋተኛው መድኃኒቱ ብቻ ነው ብሎ ለመማል አያበቃም፤ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ራሳቸው የበሽታው መነሻ ምልክቶች ሆነው መድኃኒቱን አስከትለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው ማስፈራራት አልፈልግም። ጥርጥር የሌለበት ሌላ ነገር አለ፤ መድኃኒቱ አሁን፣ በዚህ ሳምንት የሚያመጣው መደናገር መድኃኒቱ ሲቀነስ በአብዛኛው ይለቃል። የመርሳት በሽታ ግን አይለቅም። ሁለቱን ሳይለዩ አንድን ሰው «ጃጀ» ማለት ሊመለስ የሚችለውን አእምሮ በቁሙ መቅበር ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች በእኛ አካባቢ በምን ስም እንደሚታወቁ መናገር ይኖርብኛል፤ ሰው የሚያውቃቸው በኬሚካል ስማቸው አይደለምና። «የነርቭ» ተብሎ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን ነው። «የጉንፋን» ተብለው በስትሪፕ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከፓራሲታሞል ጋር ክሎርፌኒራሚን የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ማሳልና ማሳከክ ሲኖር የሚሰጠው ፕሮሜታዚን፣ በሳል ሽሮፖች ውስጥ የሚገባው ዳይፌንሃይድራሚንም የዚሁ ወገን ናቸው። «የእንቅልፍ» የሚባለው ዳያዜፓም ነው፤ ብሮማዜፓምም ይገኛል። ሽሮፕን ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፤ «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ብዬ ስጠይቅ «ምንም የለም» ያሉኝ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ግማሽ ጠርሙስ ሽሮፕ ያወጡበትን ቀን አልረሳውም። ለአለርጂ የሚሆኑ እንደ ሎራታዲን ያሉ፣ አንጎልን እምብዛም የማይነኩ መድኃኒቶች መኖራቸውን፣ ዋጋቸውም የማይቀመስ አለመሆኑን የምናውቀው እኛ ባለሙያዎች ነን፤ አረጋዊ ሲመጣ እጃችን የሚሄደው ግን ወደለመደው መደርደሪያ ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ ከባንኮኒ ጀርባ የታዘብሁትን ልናገር። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚሉኝን አዛውንቶች ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝተው ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንቃታቸውን ይነግሩኛል። ይህ ሰባት ሰዓት ሙሉ ነው! አባቶቻችን በዚያ ሰዓት ነቅተው ጸሎታቸውን ያደርሱ ነበር እንጂ ኪኒን አይፈልጉም ነበር። ሌላዋ እናት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥተው ማታ መገላበጣቸውን እንደ በሽታ ይቆጥሩታል። ለልብ ወይም ለግፊት የሚሰጠውን ውኃ የሚያሸና ኪኒን፣ ፉሮሴማይድን፣ ጠዋት መዋጥ ሲገባቸው ማታ ውጠው ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ሲመላለሱ የሚያድሩም አጋጥመውኛል፤ የኪኒኑን ሰዓት ማዛወር ብቻ እንቅልፋቸውን ይመልሰዋል። በብርዱ ሰበብ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ የሚቀምሱ አባቶች ጉዳይ ግን ከሁሉ ያስፈራኛል። አረቄና ዳያዜፓም በአንድ ሌሊት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያበዛል፤ መተንፈስንም ሊያዳክም ይችላል። ይህን ለመጠየቅ አባባን ማፈር አይገባንም፤ «ማታ ይቀምሳሉ ወይ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል።

ይህን ያነበበ ልጅ ተነሥቶ የእናቱን ኪኒን ወደ ምድጃ እንዳይወረውር አደራ እላለሁ። ለወራትና ለዓመታት ዳያዜፓም የለመደ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲነፈግ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ጭንቀት፣ እስከሚጥል በሽታ ድረስ ሊያመጣ ይችላል፤ በሐኪም እየታየ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ነው የሚቀነሰው። አሚትሪፕቲሊንም ለሚያቃጥል የእግር ሕመም ሥራውን የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ያለ ምክንያት አልታዘዘም። ጥያቄው ይህ ሰው ዛሬም ይፈልገዋል ወይ፣ በዚህ መጠን ነው ወይ፣ ከሌላው ጋር ሲደመር ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ይህንንም የሚመልሰው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። ሆኖም ሐኪሙ የማያየውን ፌስታል ሊመዝን አይችልም።

ከራሴ ሙያ ልጀምር። ዳያዜፓም በአገራችን በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚታደል መድኃኒት ነው፤ ይህን ደንብ የምንጥሰው እኛ ነን እንጂ ከገጠር የመጣ ገበሬ አይደለም። «ለእናቴ ነው፣ ሩቅ ናቸው፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነው» ሲባል ልባችን ይራራል፤ የኔም ይራራል። ርኅራኄው ግን ለሁለት ሳምንት የታሰበውን ሦስት ዓመት አደረገው። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የጉንፋን ኪኒን በተመለከተ የሚከለክለን ደንብ የለም፤ ስድሳ ዓመት ላለፈው ሰው «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ሳንል እንዳንሰጥ የሚያደርገን ኅሊናችን ብቻ ነው። ከረጢቱ ላይም «1×3» ብለን ከመጫር ይልቅ «ለጉንፋን ነው፤ ከአምስት ቀን በላይ አይወሰድም፤ እንቅልፍ ያመጣል» ብለን በአማርኛ ብንጽፍ አንድ ደቂቃ አይወስድብንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲገቡ የሕፃናቱን የክትባት ካርድ እንደሚያዩ ሁሉ የአያትን ፌስታል ቢያዩ መልካም ነው፤ ሥራ እንደበዛባቸው ግን ስለማውቅ በዚህ ላይ አልበረታባቸውም።

ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን ሙከራ ልጥቀስ። ለረጅም ጊዜ እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶችን ይወስዱ የነበሩ 303 አረጋውያን በየሰፈራቸው መድኃኒት ቤት በኩል ተመርጠው፣ ለከፊሎቹ የመድኃኒቱን ጉዳትና ቀስ በቀስ የሚቀነስበትን መንገድ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሔት ተሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ መጽሔቱን ካገኙት 27 በመቶው መድኃኒቱን አቁመው ነበር፤ ካላገኙት ግን ያቆሙት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። መርፌ አልተወጋ፣ ማሽን አልተገዛ፤ የተነገራቸው እውነት ብቻ ነው።

አክስቴን ያየው ሐኪም ሃዮሲኑንና ክሎርፌኒራሚኑን ወዲያው አስቆመ፤ አሚትሪፕቲሊኑን በግማሽ ቀነሰ፤ ዳያዜፓሙ ጥቂት ወራት ፈጅቶ ቀስ በቀስ ወጣ። በሳምንቱ ባና መንጨታቸውን ተዉ። በሁለተኛው ሳምንት የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «በጉ ስንት ተሸጠ?» የሚል ነበር፤ ለፋሲካ ስለታሰበው በግ ነው፣ እኛ ረስተነው እሳቸው አልረሱትም። የእጃቸው አንጓ ግን ጠማማ ሆኖ ስለጠገነ እንዝርት መያዝ አልቻሉም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንዝ በግ ፀጉር ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው። እሱን የሚመልስ ሐኪም አላገኘንም።

ክቡር አዘጋጅ፣ አንድ ልመና አለኝ። ከላይ የጠቀስኋቸውን የመድኃኒት ስሞች፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፌንሃይድራሚን፣ ሃዮሲን፣ ዳያዜፓም፣ ብሮማዜፓም ብላችሁ፣ በስትሪፑ ጀርባ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ማንበብ የማይችል ሰው እንዲያውቃቸው፣ በጉልህ የአማርኛ ፊደል በአንድ ዐምድ ብታትሙልን። በመንዝና በተጉለት ቤቶች ያረጀ ጋዜጣ አይጣልም፣ በምራጊው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አያት ባያነቡትም በመብራት የሚያጠናው የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን